ሁለት ጣት ትርፍ

በዓለም ላይ ያለ ባለሙያ ሁሉ፣ የቧንቧ ይሁን የግንብ፣ የቀለም ይሁን የኤሌክትሪክ፣ ሥራ የሚጀምረው በመሣሪያ አይደለም፤ በአንዲት ጥያቄ ነው። በሩ ላይ ይቆማል፤ እጁን ወገቡ ላይ ያደርጋል፤ ጣሪያውን ያያል፤ ምላሱን ላንቃው ላይ ለጥፎ «ጽ!» ያደርጋል፤ ከዚያ «ይሄን የሠራው ማነው?» ይላል። መልስ አይጠብቅም። ከእሱ በፊት የመጣውም በተራው እንዲሁ ብሎ ነበር። ወደ ኋላ እየቆጠራችሁ ብትሄዱ የመጀመሪያውን ዋሻ የቆፈረው ሰውዬ ዘንድ ትደርሳላችሁ፤ እሱም ተራራውን አይቶ «ጽ!» ማለቱ አይቀርም።

እትዬ ሁለት ጣት ቤት በአንድ ሳምንት ሦስት ባለሙያ መጥቶ ሦስቱም «ጽ!» ብለው ሄዱ። አንደኛው «ነገ እመጣለሁ» አለ። ሁለተኛው «ከሰዓት» አለ፤ የየትኛው ቀን ከሰዓት እንደሆነ ግን አልተናገረም። ሦስተኛው መሰላሉን ግድግዳ ላይ አስደግፎ «ሚስማር ገዝቼ መጣሁ» ብሎ ወጣ። መሰላሉ እስከ ዛሬ አለ። ሚስማሩ የሚመረትበት አገር ድረስ ሳይሄድ አልቀረም።

እትዬ ሁለት ጣት ከካፌያችን ፊት ለፊት ያለው ቤት እመቤት፣ የአርባ ዓመት ልብስ ሰፊ ናቸው። ስሙ የወጣላቸው ከሥራቸው ነው። ጨርቅ ሲቆርጡ ከልኩ ውጭ በየጎኑ ሁለት ጣት ትርፍ ሳይተዉ መቀስ አያነሱም። «ሰው ይወፍራል፣ ልጅ ያድጋል፣ ጨርቅ ውሃ ሲነካው ይሰበሰባል» ይላሉ። «ትርፉን ወደ ውስጥ አጥፈህ ትሰፋዋለህ፤ ቀን ሲመጣ ትፈታዋለህ።» የሰፈሩ ተማሪ ሁሉ ያደገው በእሳቸው እጥፍ ውስጥ ነው። አንደኛ ክፍል የተሰፋለትን ሱሪ በየዓመቱ እየፈታ ስምንተኛ ክፍል ያደረሰ አለ። እንዲያውም አንዱ በዚያው ሱሪ ተዳረ ይባላል፤ ሰርጉን አላየሁም፣ ሱሪውን ግን አውቀዋለሁ።

ለመለካትም የራሳቸው ሕግ አላቸው። ሰው ቆሞ ብቻ አይለካም። «ተቀመጥ። እጅህን ወደ ላይ። ጎንበስ በል። አሁን ተንፍስ! ሐውልት ነህ እንዴ? እኔ የምሰፋው ለሚንቀሳቀስ ሰው ነው።» አንዲት ሙሽራ መምጣቱ ሰልችቷት «ከዚህች ላይ ለክታችሁ ስፉልኝ» ብላ አሮጌ ቀሚሷን ከነመስቀያው ብትልክ፣ እትዬ «የሚያገባው መስቀያው ከሆነ እሺ» ብለው መለሱላት።

ባለቤታቸውን ጋሼ ፉጨት እንላቸዋለን። ሠላሳ ሁለት ዓመት ረጅም አውቶቡስ ነድተዋል፤ አንድም ቀን የጎን መስታወት አልሰበርኩም ይላሉ፣ እኛም በትክክል ሰባቱን ብቻ እናውቃለን። ጠዋት ጠዋት መታጠቢያ ቤት ገብተው፣ በሩን ከውስጥ ዘግተው፣ ጢማቸውን እየተላጩ ያፏጫሉ። ዜማው አንድ ነው፤ ዜማ ከተባለ። ጎማ ቀስ እያለ ሲተነፍስ አስቡት። ያ ፉጨት በመታጠቢያ ቤቱ ትንሽ መስኮት ወጥቶ፣ መንገዱን ተሻግሮ ካፌ ይገባል። ባለካፌው ማሽኑን የሚለኩሰው በእሱ ነበር። ፉጨቱ የዘገየ ቀን ሰፈሩ ሁሉ ሥራ ያረፍዳል።

ከአራት ወር በፊት ፉጨቱ ቆመ። ጋሼ ፉጨት ወገባቸውን ኦፕራሲዮን ሆኑ፤ ነፍሳቸው ተረፈች፣ እግራቸው ግን አልታዘዝ አለ። ዊልቸር ላይ ተቀመጡ። ከሆስፒታል ሲወጡ የተወሰዱት ታናሽ ወንድማቸው ቤት ነው፤ ምክንያቱም የራሳቸው መታጠቢያ ቤት በር እንኳን ዊልቸር፣ ጠንከር ያለ ምሳ የበላ እንግዳም በጎኑ ካልሆነ አያስገባም።

በዚህ መሃል ታናሽ ወንድምን መሥሪያ ቤቱ ወደ ሌላ ከተማ አዛወረው። የወሩ መጨረሻ ሰኞ ጓዙ ይጫናል። «ወንድሜን ይዤው እሄዳለሁ፤ እዚያም የተሰጠኝ ቤት ሰፊ ነው» አለ። ክፋት የለበትም፤ ደግ ሰው ነው።

«ባሌን እንደ ቁም ሣጥን ጭነህ?» አሉት እትዬ።

ሁሉም ወደ ባለጉዳዩ ዞሩ። ጋሼ ፉጨት መስኮት መስኮቱን እያዩ፣ «እኔ ብዙ አልጠይቅም» አሉ። «ሰው ተሸክሞ ሽንት ቤት የሚያስገባኝ ቤት፣ የኔ ቤት አይደለም። ብቻዬን የምገባበት፣ ከውስጥ የምዘጋው ቤት ካለ፣ እሱ ቤቴ ነው። ከሌለ፣ ይሄ ሰው እውነቱን ነው፤ ጫኑኝ።»

ሦስት ሳምንት ቀርቶ ነበር።

እንግዲህ ባለ መሰላሉ በጠፋ ማግስት፣ ቢሮ ውላ የገባችው ልጃቸው እናቷን የመታጠቢያ ቤቱ በር ፊት ቆመው አገኘቻቸው። እጃቸው ወገባቸው ላይ ነው።

«እማዬ፣ ሌላ ባለሙያ እንፈልግ።»

«ጽ የሚልልኝ አላጣሁም። መዶሻ አምጪልኝ።»

«መዶሻ ምን ይሠራልሻል?»

«ልቀደው ነው።»

«ግድግዳ እኮ ነው!»

«ግድግዳም ጨርቅ ነው፤ ወፈር ያለ።»

ልጅቷ ሮጣ ጎረቤታቸውን ጠራች። ጎረቤታቸው ግንበኛ ነው፤ «ኢንጂነሩ» እንለዋለን። የሌላ ሰው ቤት በሦስት ወር ያቆማል፤ የራሱ ቤት ግን ልስን ሲጠብቅ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ከማለዳ እስከ ምሽት በሌላ ሰው ሥራ ላይ ስለሚውል፣ ለሰፈሩ የሚተርፈው ምክሩና ሳቁ ብቻ ነው፤ ሁለቱንም አይቆጥብም። መጣና ግድግዳውን እንደ ሐብሐብ በጣቱ አንኳኳው።

«ይሄኛው ጣሪያ አልተሸከመም። ይፍረስ ካላችሁት ይፈርሳል። ግን እትዬ፣ እርስዎ...»

«እኔ ምን?»

«ምንም።» የእትዬን መቀስ አያያዝ የሚያውቅ ሰው መዶሻ ይዘው አይከራከራቸውም። «እሺ። የዊልቸሩ ስፋት ስንት ነው?»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። እትዬ ባላቸውን በየቀኑ ይጠይቃሉ፤ አጠገባቸው ተቀምጠው ሁለት ሰዓት ያወራሉ፤ ሜትራቸው ደግሞ እንደ ሐብል ከአንገታቸው አይወርድም። ያንን ወንበር ግን አንድም ቀን አልለኩትም። ከመለካቱም በፊት አላዩትም። አራት ወር ሙሉ የሚያዩት የባላቸውን ፊት ብቻ ነበር፤ ከአንገት በታች ዓይናቸው አይወርድም። ስለዚህ «አንቺ ለኪልኝ» ብለው ልጃቸውን ላኩ። ልጅቷ አባቷ ቀትር ላይ አልጋ ላይ ጋደም ባሉበት፣ ጥግ የቆመውን ባዶ ወንበር ለካችና በስልክ ነገረቻቸው፦ ስልሳ አራት ሴንቲሜትር።

«በቃ» አለ ኢንጂነሩ። «የበሩን መቃን ውስጥ ለውስጥ ስልሳ ስድስት አደርገዋለሁ። ሁለት ሴንቲ ትርፍ፤ ሰርገኛ ያስገባል። በሩንና መቃኑን እኔ በትርፍ ሰዓቴ እሠራለሁ። እርስዎ ግድግዳውን ሰባ አራት ይክፈቱ፤ በየጎኑ አራት ለእንጨቱ ነው። ሰባ አራት! አንድም ሳይጨምሩ።»

«እኔን ልክ ታስተምረኛለህ?»

በማግስቱ ሥራው ተጀመረ። ልብስ ሰፊ ጨርቅ ላይ የሚያሰምረው በሳሙና ስንጣሪ ነው፤ እትዬም ግድግዳውን ለክተው ሰባ አራቷን በሳሙና አሰመሩ። ቀጥ ያለች፣ ለሙሽራ ካባ የምትበቃ መስመር። ከዚያ ኢንጂነሩ በአጥር ላይ «አቧራው እንዳይገድልዎት ግድግዳውን በውሃ ያርሱት» ያላቸውን አስታወሱና አንድ ባልዲ ውሃ ቸለሱበት። መስመሩ አረፋ ሆነ። ሊያድኑት በጨርቅ ሲያብሱት ባሰበት። ያ ግድግዳ ከተሠራ ጀምሮ እንደዚያ ቀን ታጥቦ አያውቅም፤ ሊፈርስ አንድ ሰዓት ሲቀረው ገላውን ታጠበ። ሁለተኛውን መስመር በሚስማር ጫሩት፤ በንዴት፣ በችኮላ፣ በለመደ እጅ።

የመጀመሪያው መዶሻ ሲያርፍ ካፌ ውስጥ ያለ ሲኒ ሁሉ ከማስቀመጫው ተነሥቶ ተቀመጠ። አንድ ደንበኛችን ጠረጴዛ ሥር ገብቶ፣ ከዚያ ሆኖ ሒሳብ ጠየቀ። በአራተኛው ቀን እትዬ ከበሩ ብቅ ሲሉ ከቅንድብ እስከ ጫማ ነጭ ሆነው የገዛ ድመታቸው ሸሸቻቸው። ፍርስራሹ አሥራ ስምንት ጆንያ ሞላ፤ ከሁለት ክንድ ግድግዳ እንዴት አሥራ ስምንት ጆንያ እንደወጣ ሳይንስ እስከ አሁን መልስ የለውም።

ቀጥሎ ወለሉ መጣ። በፊት በሩ ሥር አንድ ስንዝር የሚያክል ደፍ ነበር፤ እሱ ፈርሶ ዊልቸር የሚንሸራተትበት ልሙጥ ወለል መሆን አለበት፤ ውሃው ደግሞ ወደ ጥጉ ቀዳዳ መውረድ አለበት። እትዬ ሲሚንቶውን ራሳቸው አቦኩ፣ ራሳቸው አለሰለሱ። ተዳፋቱን የቀሚስ ጫፍ እንደሚያስተካክሉት አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩት፤ ወደዱት። ጠዋት ላይ ውሃ አፈሰሱበት። ውሃው መጀመሪያ ቆመ። ወደ ጥጉ ቀዳዳ አየ። ወደ ሳሎኑ አየ። ሳሎኑ ምንጣፍ አለው፣ ሶፋ አለው፤ ምርጫው ከባድ አልነበረም።

ልጅቷ ለሥራ ለብሳ ከክፍሏ ስትወጣ አንድ ጫማዋ ወደ እሷ እየቀዘፈ ሲመጣ ተገናኙ።

«እማዬ! ውሃው ሳሎን ገብቷል!»

«እንግዳ ነው፤ አታባርሪው።»

እንዲህ ይበሉ እንጂ ልጅቷ ስትወጣ ባልዲውን ገልብጠው ተቀመጡበት። ባለካፌው ሻይ ይዞላቸው ሲገባ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው እያዩ ነበር። ጣቶቻቸው በሲሚንቶ ተሰነጣጥቀዋል፤ መርፌ ቢይዙ አይሰማቸውም።

«ጨርቅ ቢሆን እኮ ፈትቼ እንደገና እሰፋው ነበር» አሉት። «ይሄ አይፈታም።»

«ገና አልደረቀም ይሆናላ እትዬ።»

በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት። ትንሽ ገባላቸው። ሻዩን ሳይጠጡ ተነሡ።

እስከ እኩለ ቀን ፈትተው ጨረሱት፤ እንደ ክር ሳይሆን በመሮ። ያን ምሽት ኢንጂነሩ የራሱን ውሃ ልክ አዋሳቸው፤ ያቺን በመስታወት ውስጥ አረፋ የያዘች ቀጥ ያለች ዘንግ። እንዴት እንዲህ ያለ ዕቃ ኖሮ አርባ ዓመት ደበቃችሁኝ ብለው ተቆጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማይለኩት ነገር ጠፋ። ካፌ መጥተው ጠረጴዛችን ላይ አስቀመጧትና «ዘሟል! እንዲህ ዘሞ ነው ወሬያችሁ ሁሉ ወደ አንድ ወገን የሚያጋድለው» አሉን። እንደገና በሠሩት ወለል ላይ ግን ውሃው ሳይከራከር ወደ ቀዳዳው ሄደ። ሰፈሩ አጨበጨበ።

የሴራሚኩን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን ሴራሚክ ጥግ ጥጉን ሲቆርጡ ለእያንዳንዱ ሁለት ጣት ትርፍ ተዉለት። ትርፉ ወዴት እንደሚታጠፍ የገባቸው ስድስተኛው ላይ ነው። ሌላ ሊገዙ ሲሄዱ ባለሱቁ፣ «እትዬ፣ ሴራሚክ እኮ አይታጠፍም» ቢላቸው፣ «አውቄዋለሁ፤ ነገረኛ ጨርቅ ነው» ብለው ተሸክመው ተመለሱ። ያኔ ነበር መጠርጠር የነበረብን። እጃቸው አንድ ነገር እየነገረን ነበር፤ እኛ ግን መሳቅ ላይ ነበርን።

አርብ ከሥራ በኋላ ኢንጂነሩ መቃኑን ተሸክሞ መጣ። ቆንጆ መቃን ነው፤ ለስልሶ፣ ቀለም ተቀብቶ። ከግድግዳው ቀዳዳ ውስጥ አቆመው። መቃኑ የአባቱን ጫማ እንዳደረገ ሕፃን እግር ወዲያና ወዲህ አለ። በግራ በኩል እጁን አስገባ፤ ገባለት። በቀኝ በኩል አስገባ፤ ገባለት። ወደ ኋላ ሄደ፤ እጁን ወገቡ ላይ አደረገ፤ ጣሪያውን አየ።

«ጽ! ይሄን የሠራው ማነው?»

እትዬ ሜትራቸውን ከአንገታቸው አወረዱና ለኩ። ሰማንያ ሁለት። ጣታቸውን በግራ በኩል አስገቡ፤ ሁለት ጣት። በቀኝ አስገቡ፤ ሁለት ጣት።

«እኔ አይደለሁም» አሉ ቀስ ብለው። «እጄ ነው።»

«ትርፍ ተዉለት? ለግድግዳ? ይወፍራል ብለው ነው ወይስ ያድጋል?»

ይህች ቀልድ መንገዱን በሁለት እርምጃ ተሻግራ ካፌ ገባች። ሳቅን። ብዙ ሳቅን። «የመታጠቢያ ቤት በር አይደለም፤ ጋራዥ ነው» ያለም ነበር፤ ስሙን አልጠቅስም፣ ራሴን ማሳጣት አልወድም። እትዬ በመስኮት አዩንና መስኮቱን ዘጉት።

ኢንጂነሩ ልቡ ሩኅሩኅ ነው። የእሳቸውን ፊት ሲያይ ቀልዱን ዋጠ። «አይጨነቁ፤ ነገ ከሰዓት ብሎኬት ሰንጥቄ ዙሪያውን እደፍነዋለሁ። ለጊዜው በእንጨት ሽብልቅ አጥብቄ አቆመዋለሁ» አለ። አቆመውም፤ በሩንም ሰቀለለት። ከዚያ ስልሳ አራት ሴንቲ ስፋት ያለው ካርቶን ቆርጦ በመቃኑ መሃል አሳለፈው። «አዩት? ገባ። ወጣ። ገባ። ወጣ። ዊልቸሩ ማለት ይሄ ነው።»

በዚያው ምሽት ታናሽ ወንድም ደወለ። ነገ ጠዋት ጋሼ ፉጨትን ይዞ ይመጣል፤ ሰኞ ጓዙ ስለሚጫን፣ የሚሆነውንና የማይሆነውን ሰውዬው በዓይናቸው ይዩ።

ቅዳሜ ጠዋት ካፌ ውስጥ ጋዜጣ ያልያዘ ሰው አልነበረም። ያነበበ ግን አንድም አልነበረም። መኪናው ቆመ፤ ጋሼ ፉጨት ወረዱ፤ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ጢማቸው ሌላ ሰው እንደላጨው ያስታውቃል። የውጩን ደረጃ ኢንጂነሩ ሳንቃ አንጥፎ ተዳፋት አድርጎት ስለነበር ወንድማቸው ሊገፋቸው እጁን ሲዘረጋ፣

«እጅህን አንሳ!» አሉት። «ሹፌሩ እኔ ነኝ።»

ሳሎኑን አለፉ። እኛም ጋዜጣችንን እንደያዝን ሳናውቀው በራቸው ላይ ደርሰን ነበር። ጋሼ ፉጨት የመታጠቢያ ቤቱን ወለል አዩ፤ ግድግዳውን አዩ፤ ሚስታቸውን አዩ። መሪ እንደሚያስተካክል ሰው ወንበሩን ቀጥ አድርገው ወደ በሩ ነዱ።

የፊት ጎማዎቹ ገቡ። የኋላዎቹም ሊገቡ ነው። ያኔ «ኧረ!» አሉና ቆሙ። ሁለቱም እጃቸው በጎማውና በመቃኑ መካከል ተይዟል። ወደ ኋላ መለሱት። ክርናቸውን ሰብስበው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው እንደገና ሞከሩ። እንጨቱ የግራ እጃቸውን የጣት አንጓ ላጠው።

«ስልሳ አራት ነው እኮ!» አለ ኢንጂነሩ፤ ካርቶኑን አንሥቶ እንደ መታወቂያ ያሳያል። «በካርቶን ለክተነዋል! ትናንት ገብቶ ወጥቷል!»

«እኔ ልግፋህ?» አለ ወንድምየው። «ከኋላ ከተገፋህ፣ እጅህን ጭንህ ላይ ካደረግክ ትገባለህ።»

«ከተገፋሁማ የትም እገባለሁ።» ጋሼ ፉጨት እጃቸውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። ለሚስታቸው ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «ቆንጆ አድርገሽ ሠርተሽዋል። እውነቴን ነው። ሰኞ... በቃ፣ ጫኑኝ።»

ሰፈሩ ሁሉ እግሩን ማየት ጀመረ። ጋዜጣም የሚያነብ ተገኘ።

እትዬ ሁለት ጣት ግን ጫማቸውን አላዩም። ባላቸው ጭን ላይ ያሉትን ሁለት እጆች፣ የተላጠችውን አንጓ አዩ። ከዚያ ዓይናቸው ወረደ፤ ከአራት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበሩን አዩት። ጎማውን፣ ጎማው ላይ የሚያዘውን ቀለበት፣ የእጅ ላብ ያወዛውን ብረት። ሜትራቸውን ከአንገታቸው አወረዱ።

«እጅህን ጎማው ላይ አድርግ።»

«ምን ልትሆኚ ነው?»

«ዝም በል። አድርግ። አሁን ንዳው። ወደ ፊት። እንደምትሄደው ሂድ እንጂ፣ ፎቶ የሚያነሣህ የለም! ጎንበስ በል። ተንፍስ!»

ጋሼ ፉጨት ሳሎኑ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲነዱ እሳቸው ከፊት ከፊት እያፈገፈጉ ከአንጓ እስከ አንጓ ለኩ። ሲገፉ ለኩ፤ ሲዞሩ ለኩ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ሌላ ነበር።

«ሰባ አንድ» አሉ። «እኔ ልሙት! አርባ ዓመት ሰው ስለካ ኖሬ፣ ለገዛ ባሌ መስቀያውን ለካሁ!»

ጋሼ ፉጨት መጀመሪያ እጃቸውን፣ ቀጥሎ በሩን አዩ። ከዚያ ያ የጎማ ትንፋሽ የመሰለ ሳቃቸው መጣ። «መስታወት ነው! አውቶቡስ በአካሉ አይለካም፤ በጎን መስታወቱ ነው። ሠላሳ ሁለት ዓመት ለረዳት ሁሉ ሳስተምር የኖርኩትን፣ እኔው ራሴ!»

«ሰባቱን የሰበርከው እንደዚህ ነው ማለት ነው» አሏቸው ሚስታቸው፤ ወዲያው ወደ ኢንጂነሩ ዞሩ። «ሽብልቁን ንቀልና መቃንህን አንሣው።»

«ላንሣው? እና ቀዳዳው...»

«ቀዳዳው ሰማንያ ሁለት ነው። ከእሱ ላይ የእንጨትህን አራት አራት ቀንስና ንገረኝ።»

ኢንጂነሩ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ቆጠረ። አንዴ ቆጠረ፣ ደገመ። «ሰባ አራት!» አለ፤ ካርቶኑ ከእጁ ወደቀ። «ለእጃቸው ሦስት ሴንቲ ይተርፋል! እትዬ፣ ይሄን አስበውበት ነው?»

«እጄን ጠይቀው። እኔ ትርፉን ፈታሁት፤ ሌላ ምን አደረግሁ?»

መቃኑ ተነሣ። ጋሼ ፉጨት በባዶው ቀዳዳ ፊት ወንበራቸውን አስተካከሉ፤ ግራ አዩ፣ ቀኝ አዩ፣ በልማድ ይመስለኛል አንገታቸውን ነቅንቀው የኋላ መስታወትም ፈለጉ። ገቡ። ምንም አልነካቸውም። እዚያው ውስጥ ዞሩና ከበሩ ወዲያ ሆነው አዩን። የምናጨበጭብ መስሎን እጃችንን አንሥተን ነበር።

«በሩስ?» አሉ።

ያነሣናቸውን እጆች ኪሳችን ከተትናቸው።

«ብቻዬን ገብቼ ከውስጥ የምዘጋው ነው ያልኩት። ግማሹን አድርጋችኋል።»

«መቃኑንም በሩንም ለማስፋት ማክሰኞ...» ብሎ ጀመረ ኢንጂነሩ። ሰኞ ከማክሰኞ በፊት መሆኑን የዚያን ቀን ያህል ጠልቼው አላውቅም።

እትዬ ግን ጥለውን ሄደዋል። ሦስት ሳምንት ሙሉ በላስቲክ ተጠቅልሎ የተቀመጠውን የስፌት ማሽናቸውን ገለጡ። አንድ ደንበኛ ለመጋረጃ አዝዞ ሳይወስደው የቀረ፣ ብርሃን የማያሳልፍ ወፍራም ጨርቅ ከመደርደሪያ አወረዱ። ማሽኑ ሲጮኽ ቤቱ ሁሉ ያውቀዋል፤ ድመቷም ተመልሳ መጣች። ሻይ በሚፈላበት ጊዜ ውስጥ መጋረጃው አለቀ፤ የመጥረጊያ እንጨት በላይኛው እጥፉ ውስጥ ገባ፤ ባለመሰላሉ ጥሎት የሄደው መሰላል በመጨረሻ ሥራ አገኘ፤ እትዬ ወጥተው ሰቀሉት። ጫፉ ላይ ከውስጥ የምትታሰር ማሰሪያ ሰፍተውለታል። በየጎኑም፣ መቼም ሳልናገረው ታውቁታላችሁ፣ ሁለት ጣት ትርፍ አለው።

«እስከ ማክሰኞ በርህ ይሄ ነው። ዝጋ።»

ጋሼ ፉጨት ጨርቁን በጣታቸው አሹት። ሳቡት። ማሰሪያውን ሲያስሩ ሰማን።

ከዚያ ሁላችንም ቆምን። ወንድምየው የመኪናውን ቁልፍ ይዞ ቆሟል። ልጅቷ አፏን ይዛለች። ኢንጂነሩ ካርቶኑን ያንከባልላል። ከውስጥ ቧንቧ ተከፈተ፤ ሁላችንም የሳሎኑን ወለል አየን፤ ውሃው የለም፣ በደህና ወደ ቀዳዳው ሄዷል። አንድ ነገር ተንኮሻኮሸ፤ የመላጫ ድምፅ ይመስላል። ወዲያው ያቺ ዜማ፣ ዜማ ከተባለች፣ ቀስ ብላ፣ እንደሚተነፍስ ጎማ፣ መጣች።

ባለካፌው ሰዓቱ ረፍዶ አምስት ሰዓት መሆኑን ረስቶ ማሽኑን ሊለኩስ ሮጠ። ከእኛ አንዱ፣ «ወይ መከራ! አራት ወር ጆሯችን አርፎ ነበር» አለና ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ ዓይኑን በጋዜጣው ጠረገ። ወንድምየው ቁልፉን ኪሱ ከተተ፤ ወደ መኪናው ሄዶ የወንድሙን ሻንጣ አውርዶ ሳሎን አስገባ፤ እትዬ «ከግድግዳው አርቀህ አስቀምጠው፣ ቀለሙ አልደረቀም» አሉት፤ ከዚህ በላይ አልተነጋገሩበትም።

ፉጨቱ ድንገት ቆመ።

«ስሚ!» አሉ ጋሼ ፉጨት ከመጋረጃው ወዲያ። «ይሄን መስታወት የሰቀለው ማነው?»

«እኔ ነኝ! ምን ጎደለው?»

«ግንባሬን ብቻ ነው የማየው! ለቆመ ሰው ነው የሰቀልሽው!»

እትዬ ሁለት ጣት ሜትራቸውን ከአንገታቸው እያወረዱ ወደ መጋረጃው ሄዱ።

«ተንፍስና ቀጥ ብለህ ተቀመጥ» አሏቸው። «ስንት ጣት ላውርደው?»